ማደሪያው በጽሑፍ ይናገራል

መንገደኛ ሲመሽበት ማደሪያ ይፈልጋል። ይህ ዱሮም ነበረ፤ ዛሬም አለ።

ዱሮ መንገዱ በእግር ወይም በበቅሎ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መንገደኛው ከአንድ ቤት ደጃፍ ይቆማል። «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። ባለቤቱም «ቤት ለእንግዳ! ይግቡ» ይላል። እግሩን ያጥቡታል። ያለውን ያቀርቡለታል። መደብ ላይ አጎዛ ያነጥፉለታል። ሲነጋ መርቆ ይሄዳል። ሒሳብ የለም። መዝገብ የለም። ቁልፍ የለም። ያልገባው ነገር ቢኖር ባለቤቱን ይጠይቃል። ባለቤቱም በቃሉ ይነግረዋል።

ዛሬ መንገዱ በመኪና ሆኗል። መንገደኛው ብዙ ነው። ከተማም ገብቶ «አሳድሩኝ» የሚልበት ደጃፍ አያገኝም። በየመንገዱ ዳር ግን ማደሪያ ተሠርቷል። አንዱ ላይ «ሆቴል» ተብሎ ተጽፏል። አንዱ ላይ «ፔንሲዮን»፣ አንዱ ላይ «ሞቴል» ይላል። አልቤርጎ የሚባለውም አለ።

ሞቴል ምን ማለት ነው? ቃሉ ከአሜሪካ የመጣ ነው። በ1925 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ፣ ሳን ልዊስ ኦቢስፖ በምትባል ከተማ አንድ ማደሪያ ተከፈተ። የሠራው አርተር ሃይንማን የሚባል አርክቴክት ነበር። «ሞተር» እና «ሆቴል» የሚሉትን ሁለት ቃላት አገጣጥሞ ስም አወጣለት። ባለመኪናው መኪናውን ደጃፉ ላይ አቁሞ የሚያድርበት ቤት ማለት ነው። በእኛ አገር ግን በአውቶቡስ የመጣውም ያድርበታል።

በዘመናዊ ሞቴል ውስጥ የቤቱ ባለቤት አጠገባችሁ ተቀምጦ አያጫውታችሁም። ዋጋውን፣ ክልክሉን፣ ሰዓቱን የሚነግራችሁ በግድግዳና በበር ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ነው። ያነበበ ይሰማዋል። ያላነበበ አይሰማውም። ይህ ደግሞ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሕይወት ጉዳይም ይሆናል። እንዴት? የአንድ ባልና ሚስትን የአንድ ሌሊት አዳር እንመልከት።

ጉዞው

ባልና ሚስቱ የወሎ ገበሬዎች ናቸው። ባልየው የኩላሊት ጠጠር ያሠቃየዋል። ደሴ ያየው ሐኪም ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታል እንዲሄድ ወረቀት ጻፈለት። ባልና ሚስቱ በሬ ሸጡ። ዕዳ ከፍለው የተረፈው 24,500 ብር ነበር። ሚስትየዋ ገንዘቡን በጨርቅ ቋጥራ ከመቀነቷ ሥር ያዘችው።

ባልየው ፊደል አልቆጠረም። ሚስትየዋ ግን የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ቀስ ብላ ታነባለች። ስሟን ትጽፋለች። ሒሳብም ጀምራለች።

ከደሴ እስከ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶቡሱ ኮምቦልቻን፣ ከሚሴን፣ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ደብረ ሲና ደረሰ። ከደብረ ሲና በኋላ ዳገት ነው። ከዳገቱ ጫፍ ጣርማበር አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው ዋሻ ያለው እዚያ ነው። ያን ቀን ጣርማበርን ጉም ሸፍኖት ነበር። ሾፌሩ መብራት አብርቶ ቀስ እያለ ነዳ። ደብረ ብርሃን ሲደርሱ ጨለመ።

«አዲስ አበባ ገና 130 ኪሎ ሜትር ይቀረናል» አለ ሾፌሩ። «በዚህ ጨለማ አልነዳም። እዚሁ እናድራለን። ንጋት በ12 ሰዓት እንነሣለን።»

ባልየው ሕመሙ ተነሥቶበታል። «መጸዳጃው ቅርብ የሆነ፣ ንጹሕ ማደሪያ ይሻለናል» አለች ሚስትየዋ። ከመንገዱ ዳር ካለ አንድ ዘመናዊ ሞቴል ገቡ።

መዝገቡና ዋጋው

በእንግዳ መቀበያው አንድ ወጣት አለ። መታወቂያቸውን ጠየቀ። ስማቸውን በመዝገብ ጻፈ።

«እናቴ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለ። «መጻፍ ካልቻሉ የጣት አሻራ ይበቃል። ቀለሙን ላምጣ?»

«የለም ልጄ፣ እጽፋለሁ» አለች።

ወዲያው ግን አልፈረመችም። መጀመሪያ አነበበች። ስማቸው ትክክል ነው? የመጡበት አገር ትክክል ነው? የሚያድሩት ስንት ሌሊት ተብሎ ተጻፈ? «1» ይላል። የክፍሉ ቁጥር ስንት ነው? «14» ይላል። ይህን ሁሉ ካየች በኋላ ስሟን ጻፈች። ወጣቱም ሳይቸኩል ጠበቃት።

ከዚያ ግድግዳው ላይ የዋጋ ሰሌዳ አየች። እንዲህ ይላል፦

አንድ አልጋ፦ 500 ብር
ሁለት አልጋ፦ 600 ብር
ዋጋው ታክስ አይጨምርም።

«ታክስ አይጨምርም ማለት ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች።

ወጣቱ አስረዳት። ይህ የተጨማሪ እሴት ታክስ የሚባለው ነው። ከመቶ 15 ነው። ከእያንዳንዱ 100 ብር ላይ 15 ብር ይታሰባል። 600 ብር ውስጥ ስድስት መቶዎች አሉ። 6 ጊዜ 15፣ 90 ይሆናል። 600 እና 90 ሲደመር 690 ብር ነው። የሚከፈለው 690 ብር ነው ማለት ነው።

ሰሌዳው ላይ 600 ብቻ ያየ ሰው «90 ብር ሰረቁኝ» ብሎ ይጣላል። ያነበበና የጠየቀ ሰው ግን ሒሳቡን ያውቀዋል። ሰሌዳው «ታክስ ይጨምራል» ካለ ደግሞ ሌላ 15 መጠየቅ የለበትም። ቃሉ «አይጨምርም» ነው ወይስ «ይጨምራል»? ልዩነቱን በዐይናችሁ ለዩ። ደረሰኝም ተቀበሉ።

የጎደለችው ዜሮ

ከዋጋው ሰሌዳ በታች ሌላ ጽሑፍ ነበር። «ገንዘብና ውድ ዕቃ ለእንግዳ መቀበያው በአደራ ይስጡ» ይላል።

«ኧረ ተይ!» አለ ባልየው በሹክሹክታ። «ገንዘብ ከመቀነትሽ ከወጣ አለቀ።»

«አንተ ሰው፣ ሌሊት እንቅልፍ ቢጥለኝስ?» አለች። «ተቆጥሮ በወረቀት ከተያዘ ይሻላል።»

ጨርቁን ፈታች። ወጣቱ ፊታቸው ላይ ቆጠረው። እሷም አብራው ቆጠረች። ልክ 24,500 ብር ሆነ። ወጣቱ የአደራ ደረሰኝ ጻፈና ሰጣት። ሌሎች ሦስት እንግዶች ደጁ ላይ ቆመው ስለነበር ተቻኩሏል።

ሚስትየዋ ደረሰኙን ወደ መብራቱ አስጠግታ አነበበች። ሁለት፣ አራት፣ አምስት፣ ዜሮ። እንደገና አነበበች።

«ልጄ» አለች፤ «የእኛ ገንዘብ ባለ አምስት ቁጥር ነው። አንተ የጻፍከው ባለ አራት ነው።»

ወጣቱ ወረቀቱን አየ። 2,450 ይላል። አንዲት ዜሮ ጎድላለች! ደነገጠ።

«ይቅርታ እናቴ፣ ቸኩዬ ነው» አለ። ያንን ወረቀት ሰርዞ ሌላ ጻፈ። በአኀዝ «24,500 ብር» ብሎ ጻፈ። ሚስትየዋ «በፊደልም ጻፍልኝ» አለችው። «ሃያ አራት ሺህ አምስት መቶ ብር» ብሎ ጨመረ። ቀኑን ጻፈ። ፈረመበት። የቤቱን ማኅተም መታበት።

እስቲ እናስላ። ከ24,500 ላይ 2,450 ሲቀነስ 22,050 ይሆናል። አንዲት ዜሮ 22,050 ብር ታህላለች። ወጣቱ ክፉ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ሲነጋ ሌላ ሠራተኛ ቢተካ ኖሮ፣ አዲሱ ሠራተኛ የሚያየው ወረቀቱን ብቻ ነው። ወረቀቱ ደግሞ 2,450 ይላል። ባልና ሚስቱ በምን ያስረዳሉ? የሕክምናው ገንዘብ በዚያው ይቀር ነበር።

አልጋ መከራየት ውል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሆቴል ውል ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ስለዚህ እንግዳው መብት አለው። መብቱን ለማስከበር ግን ማስረጃ ያስፈልገዋል። ትልቁ ማስረጃ በትክክል የተጻፈ ደረሰኝ ነው። ደግሞም ዛሬ ብዙ ገንዘብ ይዞ መጓዝ ግድ አይደለም። ባንክ ባለበት ገንዘቡን አስገብቶ በደረሱበት ከተማ ማውጣት ይቻላል።

የክፍሉ ነገር

ክፍል 14 ገቡ። ሁለት አልጋ አለ። አንሶላው ነጭ ነው። መጸዳጃውና መታጠቢያው ከውስጥ ነው። ባልየው ደስ አለው። ሌሊት ታምሞ ቢነሣ ወደ ውጭ መውጣት የለበትም።

ቧንቧው ሁለት ምልክት አለው። ቀይ ምልክት ያለበት ሙቅ ውሃ ነው። ሰማያዊ ምልክት ያለበት ቀዝቃዛ ነው። ብልህ ሰው አስቀድሞ ቀዝቃዛውን ይከፍታል። ከዚያ ሙቁን ጥቂት በጥቂት ይጨምራል። በእጁም ይሞክራል። ሙቁን ብቻ ከፍቶ ከሥሩ የገባ ሰው ገላው ሊቃጠል ይችላል።

ከበሩ ጀርባ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። ሚስትየዋ ቀስ እያለች ድምፅ አውጥታ አነበበች፦

1. ቁልፉን ለእንግዳ መቀበያው ሳይመልሱ አይሂዱ።
2. በክፍል ውስጥ ከሰል ማንደድ ክልክል ነው።
3. ክፍል የሚለቀቀው በ12፡00 ሰዓት ነው።

«በ12 ሰዓት?» አለ ባልየው። «ጎሕ ሲቀድ ያባርሩናል እንዴ?»

ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው። በእኛ አቆጣጠር ንጋት 12 ሰዓት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ግን 12 ሰዓት ቀትር ነው። በእኛ 6 ሰዓት ማለት ነው። በሁለቱ መካከል የ6 ሰዓት ልዩነት አለ። ፈረንጅ ጠዋት 8 ሰዓት ካለ፣ ከ8 ላይ 6 ቀንሱ፤ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ብዙ ሞቴሎች ክፍል የሚለቀቅበትን ሰዓት በፈረንጅ ይጽፋሉ። የባልና ሚስቱ ሾፌር «12 ሰዓት» ያለው ግን በእኛ ነው። ቁጥሩ አንድ ሆኖ አንዱ ንጋት፣ ሌላው ቀትር ነው። ስለዚህ ሰዓት ስታነቡ «በእኛ ነው ወይስ በፈረንጅ?» ብላችሁ ጠይቁ። አለዚያ መኪና ያመልጣችኋል።

የከሰሉ ነገር

ደብረ ብርሃን ደጋ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ሌሊቱ ይበርዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይወርዳል። ባልየው ቆላ የለመደ ነው። ጋቢውን ተከናንቦም ተንቀጠቀጠ። ብርዱ ሕመሙን አባሰበት።

በግቢው ውስጥ ዘበኛው በማንደጃ ከሰል አንድዶ ይሞቃል። ባልየው ወጥቶ ለመነው። ዘበኛውም አዘነለት። «ፍሙ ደህና ነው፤ ይውሰዱት አባቴ» አለው። ባልየው ማንደጃውን አንጠልጥሎ መጣ።

ሚስትየዋ በሩ ላይ ቆመች። «ክልክል ነው ይላል እኮ ወረቀቱ!»

«ጢሱ አልቋል። ፍም ብቻ ነው። ምን ያደርገናል?»

«ክልክል ነው ነው የሚለው።»

«አንቺ ሴት፣ እኛ ቤት ስንት ዘመን እሳት ዳር ተኝተናል! ማን ሞተ?»

ለዚህ መልስ አልነበራትም። ወረቀቱ ክልክል ነው ይላል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ስለዚህ ምን አደረገች? «ማንደጃውን ደጅ ላይ አስቀምጥና ቆየኝ» ብላ ወደ እንግዳ መቀበያው ሄደች። ጠየቀች። ወጣቱ ሮጦ መጣ።

«አባባ፣ በሞቴ ይህን አያስገቡ!» አለ። ምክንያቱንም ነገራቸው። እኛም ዘርዘር አድርገን እንጻፈው።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ አይታይም። አይሸትም። ጢስ ሲኖር ዐይን ያለቅሳል፤ ሰው ያስላል፤ ስለዚህ ይነቃል። ይህ ግን እንደ ጢስ አያስነቃም። ከሰሉ ፍም ሆኖ፣ ነጭ አመድ ለብሶ፣ ጢሱ ከጠፋም በኋላ ጋዙ ይወጣል። የተኛው ሰው ይተነፍሰዋል። ጋዙ ደም ውስጥ ገብቶ የንጹሕ አየርን ቦታ ይይዛል። ያን ጊዜ ልብና አንጎል አየር ያጣሉ። ሰውየው እንደተኛ ይቀራል።

የገጠሩ ቤትስ? ሣር ክዳኑ ያስተነፍሳል። በግድግዳው ስንጥቅ፣ በበሩ ሥር ንፋስ ይገባል። የሞቴሉ ክፍል ግን ብሎኬት ነው። ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኗል። መስኮቱ መስታወት ነው። በሩ ግጥም ብሎ ይዘጋል። ብርዱ እንዳይገባ የተሠራው ቤት መርዙም እንዳይወጣ ያደርጋል። ሣር ቤትም ቢሆን ዘግቶ ከሰል አንድዶ መተኛት አደጋ አለው። በዘመናዊ ክፍል ግን አደጋው የባሰ ነው።

ወጣቱ ማንደጃውን ለዘበኛው መለሰ። ሁለት ብርድ ልብስ ጨመረላቸው። ትኩስ ሻይም አመጣላቸው። ባልየው ካልሲውን አጥልቆ፣ ጋቢውን ከብርድ ልብሱ በታች አልብሶ ተኛ። ቀስ በቀስ ሞቀው።

ንጋት

ሌሊት 11 ሰዓት ተነሡ። በእንግዳ መቀበያው ያገኙት ሌላ ሠራተኛ ነበር። የማታው ወጣት ተተክቷል። ሚስትየዋ ደረሰኙን ሰጠች። አዲሱ ሠራተኛ አነበበ። ገንዘቡን አውጥቶ «ተረክቤያለሁ ብለው ይፈርሙ» አላት።

«መጀመሪያ ልቁጠር» አለች። ቆጠረች። 24,500 ብር ነው። ከዚያ ፈረመች። ቁልፉን መለሱ። ወደ አውቶቡሱ ሄዱ።

ባልየው መንገድ ላይ ዝም ብሎ ቆየ። በኋላ «ያ የበሩ ወረቀት ላይ ከሰል የሚለው የትኛው ነው? ስንመለስ ታሳዪኛለሽ?» አላት።

ልብ በሉ

• ሳታነቡ አትፈርሙ። ሳትቆጥሩም አትፈርሙ።
• ገንዘብ በአደራ ስትሰጡ መጠኑ በአኀዝም በፊደልም ይጻፍ። ቀን፣ ፊርማና ማኅተም ይኑረው።
• ክፍል እንደገባችሁ በሩ ላይ ያለውን ወረቀት አንብቡ። ምክንያቱ ካልገባችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።
• በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አንድዳችሁ አትተኙ። ብርድ ከሆነ ብርድ ልብስ ጠይቁ።
• ከሰል ባለበት ቤት ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ መድከም ከተሰማችሁ ቶሎ ወደ ውጭ ውጡ። የወደቀ ሰው ካገኛችሁ በሩንና መስኮቱን ክፈቱ፤ ሰውየውን ንጹሕ አየር ወዳለበት አውጡት፤ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።
• ቆላ ከተማ ስታድሩ ደግሞ አጎበር ጠይቁ። የወባ ትንኝ የምትናከሰው በማታና በሌሊት ነው።

ጥያቄዎች

በቡድን ሆናችሁ ተወያዩ።
1. ሚስትየዋ ደረሰኙን ባታነብ ኖሮ ምን ይደርስ ነበር?
2. የአልጋ ዋጋ 400 ብር ነው፤ «ታክስ አይጨምርም» ይላል። የሚከፈለው ስንት ብር ነው?
3. በፈረንጅ ጠዋት 10 ሰዓት በእኛ ስንት ሰዓት ነው?
4. ጢስ የሌለው ፍም ለምን ይገድላል? ለቤተሰባችሁ አስረዱ።